ትክክለኛውን ፕሮሰሰር ያገኘሁት በሁለተኛው ግዢ ነው

ኮምፒውተሬ ለአራት ዓመት አላስቸገረኝም። ራይዘን 5 2600 ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው ዋና ቺፕ)፣ ቢ450 ማዘርቦርድ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ)፣ 16 ጊጋባይት ራም። የምጫወታቸውን ጌሞች ያለ ችግር ይከፍትልኝ ነበር። ግራፊክስ ካርዱን ወደ አርቲኤክስ 3060 ቀይሬ 144 ኸርዝ፣ ማለትም ምስሉን በሰከንድ 144 ጊዜ የሚያድስ ሞኒተር ሳስቀምጥ ግን ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። ባዶ ሜዳ ላይ ስሮጥ ጌሙ ይፈሳል። ሰውና መኪና ወደበዛበት ከተማ ስገባ ይንቀራፈፋል፣ ካሜራውን ዞር ባደረግሁ ቁጥር ስታክ ያደርጋል። ስንት ወር ቆጥቤ አዲስ ካርድ ገዝቼ ከተማው ውስጥ መቆራረጥ ሲጠብቀኝ በጣም ነው ያዘንኩት።

መጀመሪያ ታስክ ማናጀርን፣ የኮምፒውተሩን ሥራ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ከፈትኩ። ፕሮሰሰሩ 45 በመቶ ላይ ነው። "ግማሹን እንኳ አልሠራም፣ እንግዲህ ችግሩ እሱ አይደለም" ብዬ ደመደምኩ። ይህ ድምዳሜ አንድ ሳምንት በላኝ። የግራፊክስ ድራይቨር አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። የጌሙን ጥራት ዝቅ አደረግሁ፣ ዲኤልኤስኤስ የሚባለውን፣ ምስሉን በትንሹ ስሎ የሚያሳድገውን ማስተካከያ አበራሁ። ዊንዶውስን ራሱ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ። ከተማው ውስጥ ስገባ ያው ነው።

በመጨረሻ ጌም የሚጫወት ጓደኛዬ "ኮር አንሶህ ነው፣ የዛሬ ጌም ስምንት ኮር ይፈልጋል" አለኝ። አሳማኝ መሰለኝ። ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለየብቻው የሚያሰላ ክፍል ነው፤ የእኔው ስድስት ኮር ነበር። ያገለገለ ራይዘን 7 2700 ፈልጌ ገዛሁ፤ 8 ኮር፣ 16 ትሬድ (ፕሮሰሰሩ ጎን ለጎን የሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች)። በዚያው ማዘርቦርድ ላይ ምንም ሳይነካ ይሠራል። ቁጥሩም ከ2600 ይበልጣል። ሌላ ምን ላጣራ?

ስቀይረውም ሁለተኛ ስህተት ሠራሁ። ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረ፣ የቀዘቀዘ ነበር። የኩለሩን (የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ) ብሎኖች ፈትቼ ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ ሳብኩት። እምቢ አለ። ጠበቅ አድርጌ ስስበው ፕሮሰሰሩ ከነኩለሩ ተነቅሎ መጣ። የሶኬቱን (የፕሮሰሰሩን መሰኪያ) መቆለፊያ ገና አልከፈትኩም ነበር። በመካከላቸው ሙቀት እንዲያስተላልፍ የሚቀባው ቴርማል ፔስት ደርቆ ሁለቱን እንደ ሙጫ አጣብቋቸዋል። ኤኤም4 በሚባለው ሶኬት ላይ ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ 1331 ናቸው፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ። ሁለቱ ጎብጠዋል። ስስ የፕላስቲክ ካርድ በፒኖቹ መካከል እያስገባሁ፣ እስትንፋሴን ይዤ፣ ቀስ በቀስ አቀናኋቸው። አንዲት ፒን ብትሰበር ኖሮ አሮጌው ፕሮሰሰሬ አበቃለት ማለት ነበር።

አዲሱን አስገብቼ ጌሙን ከፈትኩ። ድሮ በአማካይ 58 ፍሬም (ምስል) በሰከንድ አገኝበት የነበረው ከተማ አሁን 60 ሰጠኝ። ሁለት ፍሬም። ስታክ ማድረጉ እንዳለ ነው።

ያን ቀን ማታ ነው መግዛቱን ትቼ መለካት የጀመርኩት።

ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫንኩ። አብሮት የሚመጣው ሪቫ ቱነር ጌም እየተጫወታችሁ ቁጥሮቹን ስክሪኑ ጥግ ላይ ያሳያችኋል። አራት ነገር እንዲታየኝ አደረግሁ፦ የግራፊክስ ካርዱ ሥራ በመቶኛ፣ የእያንዳንዱ ትሬድ ሥራ ለየብቻው፣ የፍሬም ብዛት፣ የፕሮሰሰሩ ሙቀት። የፍሬሙን ብዛት ከሞኒተሩ ጋር የሚያስተካክለውን ቪ-ሲንክንና የፍሬም ገደብን አጠፋሁ፤ እነሱ በርተው የተለካ ልኬት ያሳስታል። ከዚያ ከተማው ውስጥ ገባሁ። ግራፊክስ ካርዱ 55 በመቶ ላይ ተቀምጧል። ከትሬዶቹ አንዱ ግን ከ95 በታች አልወርድ ብሏል።

ታስክ ማናጀር ያሳሳተኝ እዚህ ላይ ነው። የሚያሳየው የሁሉንም ትሬድ አማካይ ነው። 12 ትሬድ ባለው ፕሮሰሰር ላይ አንዱ ትሬድ እስከ ጥጉ ቢሠራ ከጠቅላላው 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ጠቅላላው 45 በመቶ እያለም ጌሙን የያዘው ፕሮሰሰሩ ሊሆን ይችላል። ጠቅላላ ቁጥሩን አትመኑት። የግራፊክስ ካርዱን ቁጥር እዩ። 97፣ 98፣ 99 ከሆነ ካርዱ ባለው አቅም ሁሉ እየሠራ ነው፤ ፕሮሰሰር መቀየር ብዙም አይጠቅማችሁም። ወርዶ 50 እና 60 ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ካርዱ ሥራ እየጠበቀ ነው።

ምንም ፕሮግራም መጫን የማያስፈልገው ሌላ ፈተናም አለ። የጌሙን ሪዞሉሽን ከ1080 ወደ 720 አውርዱ። ፍሬሙ በደንብ ከጨመረ የሚያዘገየው ግራፊክስ ካርዱ ነበር። ካልጨመረ ፕሮሰሰሩ ነው። እኔ ዘንድ ከ60 ወደ 61 ሄደ። ዲኤልኤስኤስ ያልጠቀመኝም በዚሁ ምክንያት ነበር፤ የሚያቀለው የግራፊክስ ካርዱን ሸክም እንጂ የፕሮሰሰሩን አይደለም። የፕሮሰሰሩን ሸክም የሚያቀሉት የሕዝብ ብዛት፣ የመኪና ብዛትና የእይታ ርቀት የሚሉት ማስተካከያዎች ናቸው። እነሱን ዝቅ ሳደርግ ወዲያው ትንሽ ተነፈሰልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮሰሰሩ ጡብ አቀባይ ነው፣ ግራፊክስ ካርዱ ግንበኛ። እያንዳንዱ ፍሬም ከመሳሉ በፊት ማን የት እንደቆመ፣ መኪናው ወዴት እንደሚታጠፍ፣ ምን ምን መሳል እንዳለበት ፕሮሰሰሩ አስልቶ ማቀበል አለበት። በ144 ኸርዝ ሞኒተር ላይ ለአንድ ፍሬም ያለው ጊዜ 6.9 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። በ60 ኸርዝ ግን 16.7 ሚሊሰከንድ ነበር። ለዚህ ነው ድሮ ያልታየኝ ችግር ሞኒተሩን ስቀይር አፍጥጦ የመጣው። እኔ ደግሞ ያደረግሁት ጎበዝ ግንበኛ ቀጥሬ ያንኑ አቀባይ ማቆየት ነው።

ታዲያ ሁለት ኮር ስጨምር ለምን አልረዳኝም? አብዛኞቹ ጌሞች ዋናውን ሥራ የሚጭኑት አንድ ወይም ሁለት ትሬድ ላይ ስለሆነ ነው። ተጨማሪ አቀባይ ብታመጡም ዋናው አቀባይ ካልፈጠነ ግንበኛው ይጠብቃል። 2600 እና 2700 ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ የአንድ ትውልድ ልጆች ናቸው። የኮራቸው አሠራር አንድ ነው፣ ፍጥነታቸውም ይቀራረባል። ሁለቱም 16 ሜጋባይት ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽና ፈጣን ማስታወሻ) አላቸው፤ እሱም ለሁለት ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ የኮር ቡድን 8 ሜጋባይት ይደርሰዋል።

ይህን ካሽ የሚባል ነገር ድሮ ማስታወቂያ ላይ ሳየው አልፈው ነበር። አሁን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። አቀባዩ ጡቡ እግሩ ሥር ከተከመረለት ጎንበስ ብሎ ያነሳል። ካለቀበት እስከ መጋዘን ይሄዳል። መጋዘኑ ራሙ ነው፣ ሩቅ ነው። ሰው የበዛበት ከተማ ማለት የሚፈለገው ጡብ ብዙና የተለያየ ነው ማለት ነው። ትንሽ ካሽ ያለው ፕሮሰሰር መጋዘን ሲመላለስ ይውላል። ያቺ ካሜራ ሳዞር የምታጋጥመኝ ስታክ ይህቺው ናት።

ራሙ ራሱስ? እዚህ ላይ አራት ዓመት ሙሉ ያላየሁትን አገኘሁ። ራሜ 3200 ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር4 ነው። ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ስገባ የሚሠራው በ2133 ነበር። ኤክስኤምፒ የሚባለውን ማስተካከያ ካላበሩት ራም የተጻፈበትን ፍጥነት አይሰጥም፤ በመነሻ ፍጥነቱ ነው የሚሠራው። እኔ አንድም ቀን አላበራሁትም። ጎን ለጎን የሰካኋቸው ሁለቱ ራሞችም የተሳሳተ ቦታ ላይ ነበሩ። አራት ማስገቢያ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለት ራም ካላችሁ በአብዛኛው ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚሰካው። ካልሆነ ሁለት መንገድ እያለ በአንዱ ብቻ መመላለስ ይሆናል። ራይዘን ላይ ደግሞ የፕሮሰሰሩ የውስጥ መገናኛ ፍጥነት ከራሙ ፍጥነት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጉዳቱ ይብሳል።

ራሞቹን አስተካክዬ ኤክስኤምፒ አበራሁ። አማካዩ 68 ሆነ። ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ግን ዝቅተኛው ነው። በጣም ከዘገዩት ፍሬሞች የሚወሰደው፣ 1% ሎው የሚሉት ቁጥር ከ30 ወደ 41 ወጣ። ምንም ሳልከፍል ያገኘሁት ከገዛሁት ፕሮሰሰር በለጠ። እባካችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ የራማችሁን ፍጥነት እዩ። ዊንዶውስ ላይም ሞኒተራችሁ በትክክለኛው ኸርዝ መስተካከሉን አረጋግጡ። 144 ኸርዝ ሞኒተር በ60 ተስተካክሎ ዓመት ሙሉ የተጠቀመ ሰው አውቃለሁ።

አሁንም ግን ካርዱ 60 በመቶ አካባቢ ነው። ፕሮሰሰሩ መቀየር አለበት። በዚህኛው ጊዜ አልቸኮልኩም። ሦስት መንገድ ነበረኝ።

አንደኛው በዚያው ማዘርቦርድ ላይ ራይዘን 5 5600 መትከል። እንደ ድሮው ስድስት ኮር ነው፣ ግን አሠራሩ ከ2600 በሁለት ትውልድ አዲስ ነው። 32 ሜጋባይት ካሽ አለው፣ ስድስቱም ኮሮች በጋራ ይጠቀሙበታል። ደረጃው 65 ዋት ስለሆነ ማዘርቦርዴንም ፓወር ሰፕላዬንም አያስጨንቅም። ሁለተኛው እነ 5700ኤክስ3ዲ እና 5800ኤክስ3ዲ ናቸው። ስምንት ኮር፣ 96 ሜጋባይት ካሽ። በዚህ ሶኬት ላይ ለጌም ከነሱ የተሻለ የለም። ግን ደረጃቸው 105 ዋት ነው፣ ጠንከር ያለ ኩለር ይፈልጋሉ፣ ኩለር አብሯቸው አይመጣም። ሦስተኛው ሁሉንም ትቶ ኤኤም5 ወደሚባለው አዲስ ሶኬት መሻገር ነው። ያ ማለት ማዘርቦርድም ራምም ፕሮሰሰርም አዲስ፤ ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ብቻ ነው።

ለመምረጥ የረዳኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ ፕሮሰሰሩ ሲፈጥን ቀጥሎ የሚያዘገየኝ ምንድን ነው? የእኔ ካርድ 3060 ነው። አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ፕሮሰሰር ብተክል በብዙዎቹ ጌሞቼ ካርዱ 98 በመቶ ይደርስና ቀሪው የፕሮሰሰር አቅም ይባክናል። ስለዚህ 5600 መረጥኩ። ያ "ኮር አንሶህ ነው" ያለኝ ጓደኛዬ በበኩሉ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ነው የሚጫወተው። እሱ 5700ኤክስ3ዲ ገዛ፣ ትክክልም ነበር። ሲሙሌተሮች፣ እንደ ፋክቶሪዮ ያሉ የግንባታ ጌሞች፣ ሕዝብ የሚርመሰመስባቸው የኦንላይን ጌሞች ትልቅ ካሽ በጣም ይወዳሉ። በ4ኬ የሚጫወት ሰው ደግሞ ሸክሙ ብዙውን ጊዜ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ስለሆነ ፕሮሰሰር ላይ የሚያወጣው ገንዘብ እምብዛም አይታየውም።

ስሞቹ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እኔ 5600ጂ ልገዛ ጥቂት ነበር የቀረኝ። "ጂ" የሚለው ፊደል በውስጡ የራሱ ግራፊክስ አለው ማለት ነው፤ ካሹ ግን 16 ሜጋባይት ነው፣ የ5600 ግማሽ። 5500ም እንዲሁ 16 ነው። 5700 እና 5700ኤክስ ደግሞ በአንዲት ፊደል ብቻ የሚለያዩ ይመስላሉ፤ የመጀመሪያው 16 ሜጋባይት፣ ሁለተኛው 32 ነው። ስሙን አይታችሁ ብቻ አትግዙ፣ ኤል3 ካሽ (እስካሁን ካሽ ያልኩት) የሚለውን መስመር አንብቡ።

ኢንቴል ያላችሁም ያው ነው፣ ወጥመዱ ብቻ ይለያል። ሶኬቱ አንድ ስም ስላለው ይሠራል ማለት አይደለም። 1151 የሚባለው ሶኬት ላይ 8ኛው ትውልድ ለ6ኛውና ለ7ኛው በተሠሩ ማዘርቦርዶች አይሠራም፣ ቅርጹ ገጥሞ እያለ። 1700 ላይ ግን 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ትውልድ ሁሉም ይሄዳሉ፤ አሮጌ ማዘርቦርድ ከሆነ ባዮሱ መታደስ አለበት። ያገለገለ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ የምትገዙ ከሆነ ባዮሱን ማደስ ግዴታ አድርጉት። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 ከቮልቴጅ ጋር የተያያዘ ችግር መኖሩን አምኖ ማስተካከያውን ያወጣው በባዮስ በኩል ነው።

ወደ እኔ ልመለስ። 5600 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ማዘርቦርዴ ከእሱ በአራት ዓመት ይቀድማል። የማዘርቦርዱ ሠሪ ድረ ገጽ ላይ የሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር አለ፣ ከእያንዳንዱ ጎን ከየትኛው የባዮስ ቁጥር ጀምሮ እንደሚሠራ ተጽፏል። የእኔ ባዮስ ከሚፈለገው እጅግ ያረጀ ነበር። ስለዚህ አሮጌው ፕሮሰሰር እዚያው እንዳለ ባዮሱን አደስኩ። ይህን ቅደም ተከተል አትሳቱ። መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን ቀይራችሁ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነባችሁ ባዮሱን ለማደስ ያን የነቀላችሁትን አሮጌ ፕሮሰሰር መልሳችሁ መትከል ነው፤ ያለ ፕሮሰሰር የሚያድስ ልዩ ቁልፍ ያለው ማዘርቦርድ ካልሆነ በቀር። አዲሱ ባዮስ የሚጫንበት ፍላሽ በፋት32 ፎርማት መደረግ አለበት። የማዘርቦርዳችሁን ሙሉ ስም እስከ ክለሳ ቁጥሩ አመሳክሩ። መጀመሪያ አንድ መካከለኛ የባዮስ ቁጥር ጫኑ የሚሉ ማዘርቦርዶችም አሉና ማሳሰቢያውን አንብቡ። እየታደሰ እያለ መብራት እንዳይጠፋ ዋስትና በሌለበት ሰዓት አትጀምሩት።

ኩለሩን ለማንሳት በዚህኛው ጊዜ ጌም ከፍቼ ሩብ ሰዓት ያህል አሞቅሁት። አጠፋሁ፣ ገመዱን ነቀልኩ፣ ብሎኖቹን ፈታሁ። ከዚያ ወደ ላይ ሳልስብ ኩለሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ እያልኩ አሽከረከርኩት። ላላ፣ ብቻውን ተነሳ። አዲሱን ሳስገባ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ሦስት ማዕዘን ጋር አገጣጠምኩ። በራሱ ክብደት ነው የሚገባው፤ መጫን ካስፈለጋችሁ አንድ ነገር ተሳስቷል። አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠርጌ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ አደረግሁበት።

ስከፍተው ስክሪኑ ጨለማ ሆነ። ፋኑ ይዞራል፣ ይቆማል፣ ይዞራል። ልቤ ወረደ። ግን ራሙን እንደ አዲስ እየለመደ ነበር። ሁለት ደቂቃ ገደማ ቆይቶ መጣ። ስለዚህ ቶሎ አታጥፉት፣ ታገሱት። ከዚያ አዲስ ፕሮሰሰር ስለተገጠመ ኤፍቲፒኤም (የሚስጥር ቁልፎች ማስቀመጫው) ይጥፋ ወይስ ይቆይ የሚል ጥያቄ አመጣ። ሳላስብ ይጥፋ አልኩት።

ዊንዶውስ ሊከፈት ሲል ሰማያዊ ገጽ መጣ፦ የቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) መክፈቻ ቁጥር አስገባ። 48 አኃዝ። በሁለቱ ቅያሬዎች መካከል ዊንዶውስ 11 እንደ አዲስ ጭኜ ነበር፣ ዲስኩን በራሱ ቆልፎታል፤ እኔ አላወቅሁም። የቁልፉ መረጃ የነበረው አሁን ባጠፋሁት ቦታ ነው። ፎቶዎቼ፣ ሥራዬ፣ ሁሉም እዚያ ዲስክ ላይ ነው። ቁጥሩ ማይክሮሶፍት አካውንቴ ውስጥ ተቀምጦ በስልኬ አገኘሁት። እስካገኘው ያለፈችው ግማሽ ሰዓት ግን ከዚህ ሁሉ ጉዞ የከበደችኝ ናት። እናንተ ባዮሱን ከመንካታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ፦ ያን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ቢትሎከርንም ለጊዜው አቁሙት። ይህን ምክር ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እንኳ አትርሱት።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ባዮስ ሲታደስ ማስተካከያዎቹ በአብዛኛው ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። ኤክስኤምፒን እንደገና ማብራት ነበረብኝ። ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ግን አላስፈለገኝም፣ የቺፕሴት ድራይቨሩን ብቻ አደስኩ።

ያ ከተማ ውስጥ ተመልሼ ገባሁ። አማካዩ 98፣ ዝቅተኛው 66። ካርዱ ከ90 በመቶ በላይ እየሠራ ነው። ከቁጥሩ በላይ የተሰማኝ እርጋታው ነው። ካሜራውን ሳዞር የሚያቆመኝ ነገር የለም። እዚያው ገበያ መሃል ቆሜ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ዞርኩ።

ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜ ደወለ። "ወንድም ጋሼ፣ ጌም እየተቆራረጠብኝ ነው፣ 5600 ልግዛ?" አለኝ። መጀመሪያ ለካ፣ ከዚያ ደውልልኝ አልኩት። ማታ የስክሪኑን ፎቶ ላከልኝ። ግራፊክስ ካርዱ 99 በመቶ፣ ከትሬዶቹ አንዱም ከ60 አላለፈም። "አትግዛ" አልኩት። "የጥላውን ጥራት አንድ ደረጃ አውርደውና ገንዘቡን ለካርድ አስቀምጠው።" አሁን እየቆጠበ ነው።